ከወሎ የተሰበሰቡ የሐረግ (ተንጠላጣይ ተክል) ደረቅ ናሙናዎች መዝገብ ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ናሙናው የተሰበሰበበት ነጥብ ካርታ ላይ ባሕር ውስጥ ከወደቀ፦ ላቲትዩድና ሎንግትዩድ ተቀያይረዋል። ደሴ ሰሜን 11.13፣ ምሥራቅ 39.63 ላይ ነች፤ ሲገለበጥ ሰርዲንያና ጣሊያን መካከል ባሕር ውስጥ ትገባለች። ዓምዶቹን መልሶ መቀያየር ይበቃል።

ወሎ ውስጥ ካለው ደንቆሮ ከሚባለው ጫካ የመጣ ሐረግ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ያቤሎ አካባቢ ከታየ፦ ሌብሉ (ናሙናው ላይ የተለጠፈው የመረጃ ወረቀት) «ቦረና» ብቻ ይላል፤ መዝጋቢው ደግሞ የሚያውቀው የደቡቡን ቦረና ነው። ደንቆሮ ያለበት የወሎው ቦረና ወረዳ ከተማው መካነ ሰላም ነው። ከፍታውንና ሰብሳቢው በዚያው ሳምንት የያዛቸውን ሌሎች ናሙናዎች አይቶ መለየት ይቻላል። የድሮ ሌብል ላይ ያለውን «ወሎ» ግን በደፈናው «ደቡብ ወሎ» ብሎ መቀየር ክልክል ነው። የቀድሞው ክፍለ ሀገር ዛሬ ከአማራ ክልል ውጭ የሆነ መሬትም ነበረው።

«የጎፍ» በሚባለው ጫካ የተሰበሰበው ናሙና ካርታ ላይ ከጫካው ትንሽ ወጣ ካለ፦ የቦታው ንባብ ከአሮጌው 1፡50,000 ካርታ የተወሰደ ይሆናል። እሱ አዲንዳን በሚባለው የድሮ የካርታ መነሻ (ዳተም) የተሠራ ነው፤ ከጂፒኤሱ ጋር 200 ሜትር ገደማ ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ማለቂያ ወደሌለው ጣጣ፦ ቀን።

ሌብሉ 12/3/2010 ይላል። ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም ከሆነ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2017 ነው። ማርች 12 ቀን 2010 ሊሆንም ይችላል፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ደግሞ ዲሴምበር 3። «ዓ.ም» ብሎ መጻፍ ሁለት ፊደል ነው፤ እሱን የዘለለ ሰው ለሌላው የሳምንት ሥራ ይተዋል።

መጀመሪያ ራሳቸውን የሚያጋልጡትን መለየት ነው። 31 ካለበት ያለጥርጥር የፈረንጅ ነው። 30/2 ካለ ጥቅምት 30 ነው፤ ፌብሯሪ 30 የለውም። 3/13ን ግን አይቶ «ጳጉሜን 3» ለማለት አይቸኮልም፤ ማርች 13ም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ዳታቤዙ 30/2ን አልቀበልም ሲል 28/2 ብሎ የሚያስገባ ጸሐፊ ነው። ከዚያ በኋላ ስሕተቱን የሚጠቁም ምልክት ጠፋ ማለት ነው።

የቀሩትን ሰብሳቢው ለናሙናዎቹ በተከታታይ የሰጠው ተራ ቁጥር ይፈታቸዋል። ቁጥር 112 በ10/3/2010፣ 113 በ20/11/2017፣ 114 በ12/3/2010 ከሆነ ሰውየው ሰባት ዓመት ወደፊት ሄዶ አልተመለሰም፤ ኅዳር 10፣ 11 እና 12 ነው፣ መሐለኛዋን በፈረንጅ ጻፋት።

ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይደመራል። የኢትዮጵያው ዓመት ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል (2008፣ 2012) ስምንቱ ከታኅሣሥ 22 ይጀምራል። ቀኑና ወሩም አብረው ይቀየራሉ! ዓመቱን ብቻ ለውጦ «12/3/2017» የሚል መዝገብ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ሁለት ጊዜ የተቀየረም አለ፦ 2010 ወደ 2017፣ 2017 እንደገና ወደ 2024። ስለዚህ ሦስት ዓምድ ያስፈልጋል፦ ሌብሉ ላይ እንዳለው፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የተቀየረው። የመጀመሪያውን ማንም አይነካም፣ ግልጽ ስሕተት ቢሆንም። ካልተፈታ ሦስተኛው ባዶ ይቀመጥ፤ በግምት አይሞላ።

«አዞ ሐረግ» የሚለውን አይቶ የዝርያ ስም መሙላትም የተለመደ ስሕተት ነው። ሕዝቡ ሁለት ዝርያዎችን፣ ክሌማቲስ ሂርሱታንም ክሌማቲስ ሲሜንሲስንም፣ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የአገሬው ስም በራሱ ዓምድ ይቀመጥ።

ናሙናው የተለጠፈበት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ቅጠል ካለ ሐረጉ ሲጎተት የተሸካሚው ዛፍ ቅጠል አብሮ ወርዷል። አንጓው ላይ እንደተያያዘ ያለውን ቅጠል መፈለግ ነው፤ አዞ ሐረግ ከሆነ ከአንጓው ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ የቅጠሉም አገዳ የያዘው ነገር ላይ የተጠመጠመ ነው። የተነጠለው ቅጠል አይጣልም፤ በፖስታ ተደርጎ እዚያው ወረቀት ላይ ይለጠፋል።