ቤንዲንግ ሞመንትን በስልክ እያንቀሳቀሱ ማስተማር፦ እንዴት እንደሚሰራ

የምህንድስና ተማሪ የቤንዲንግ ሞመንትን (ጭነት ቢምን ለማጉበጥ የሚያሳድረውን ጫና) ቀመር ሸምድዶ ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ከባድ መኪና የቦርከናን ድልድይ ሲሻገር ቢሙ (አግዳሚው ተሸካሚ) የበለጠ የሚጨነቀው መኪናው የት ሲደርስ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ያመነታል። ይህን ለማስተካከል ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በነፃ የሚገኘው ጂኦጀብራ (የሒሳብ ሥዕል አፕሊኬሽን)፣ አንድ ላፕቶፕና የተማሪዎቹ ስልክ ይበቃሉ።

መጀመሪያ በጂኦጀብራ ሦስት ስላይደር (እየተጎተተ ቁጥር የሚቀይር መቆጣጠሪያ) ይፍጠሩ፦ ለሎዱ (ለጭነቱ) ከ1 እስከ 20 ኪሎኒውተን፣ ለቢሙ ርዝመት ከ2 እስከ 8 ሜትር፣ ሎዱ ከግራው ሰፖርት (የቢሙ ጫፍ ከሚያርፍበት ድጋፍ) ለሚርቅበት ደግሞ ከ0 ጀምሮ። የሦስተኛው ስላይደር ጣሪያ የርዝመቱ ስላይደር ስም ይሁን እንጂ ቁጥር አይጻፍበት። 8 ተብሎ ከተጻፈ፣ ተማሪው ቢሙን ወደ 4 ሜትር ሲያሳጥረው ሎዱ አየር ላይ ሊቀር፣ ሞመንቱም ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቢሙን በአግድም መስመር፣ ሎዱን በቀስት ይሳሉ። ሞመንቱ በቢሙ ርዝመት ላይ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ዲያግራም ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ሦስት ነጥብ ይበቃዋል። ሁለቱ ጫፎች ዜሮ ናቸው። ሦስተኛው ነጥብ ሎዱ ባለበት ቦታ ይውላል፤ ቁመቱም ሎዱ በግራና በቀኝ ርቀቶቹ ተባዝቶ፣ ለጠቅላላው ርዝመት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ትልቁ ዋጋ 40 ኪሎኒውተን ሜትር ስለሚደርስ ከስክሪኑ እንዳይወጣ ሥዕሉን ብቻ ለ10 ያካፍሉ፤ እውነተኛው ዋጋ በጽሑፍ ይታይ። ዲያግራሙ ወደ ላይ ይሳል ወይስ ወደ ታች የሚለውን ተማሪዎቹ ከሚጠቀሙበት መጽሐፍ ጋር ያስማሙ።

አሁን ይፈትሹት። ለ6 ሜትር ቢምና ለ12 ኪሎኒውተን፣ ሎዱ መሃል ላይ ሲሆን 18፣ ከግራ 2 ሜትር ላይ ሲሆን 16 መምጣት አለበት። ካልመጣ ቀመሩ ውስጥ የተረሳ ቅንፍ ይፈልጉ።

ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው፦ ዲያግራሙንና ዋጋውን በቼክ ቦክስ ይደብቁ። ተማሪው መጀመሪያ ግምቱን ወረቀት ላይ ይሳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር፣ ከዚያ ይክፈተው። ሳይገምት ስላይደር መጎተት የጀመረ ተማሪ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይደሰታል፤ የተሳሳተው ግን የት ላይ እንደሆነ አያውቅም።

ከስክሪኑ ጎን እውነተኛ ነገር ያቅርቡ። የ30 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ማስመሪያ 28 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ከፍ ያሉ የመጽሐፍ ቁልሎች ላይ ያጋድሙ፤ መሃሉ ላይ ሩብ ሊትር ውሃ የያዘ ቀላል የፕላስቲክ ጠርሙስ በክር ያንጠልጥሉ፤ ይህ ወደ 2.5 ኒውተን ነው። ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎበጠ ይለኩ። ከዚያ መጽሐፎቹን ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ያቀራርቡ። ሞመንቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጉብጠቱ ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ምክንያቱም የሚያድገው በርዝመቱ ኩብ ነው። ግማሽ ብሎ የጠበቀ ተማሪ ይህን በቀላሉ አይረሳውም። ሙከራውን ከጎን በስልክ ይቅረጹት፤ ተማሪው ቪዲዮውን እያቆመ ራሱ ይለካል።

ኮምቦልቻም ሆነ ወልዲያ፣ መብራትና ኔትወርክ በትምህርት ሰዓት ሊጠፉ እንደሚችሉ አስበው ይዘጋጁ። አፕሊኬሽኑ ቀድሞ ይጫን፣ ፋይሉ ከአንድ ቀን በፊት በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ይሰራጭ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለአንድ ስልክ ከሦስት ተማሪ በላይ አይመድቡ፤ ሲበዙ አንዱ ይነካል፣ ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ።

የግምት ወረቀቶቹን ሰብስበው ያንብቡ። ብዙዎች አንድ ዓይነት ስህተት ከሠሩ፣ ለምሳሌ ትልቁን ሞመንት ሰፖርቱ ላይ ከሳሉት፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ከዚያ ይጀምሩ።