በግል በተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሞተሪኖ ችግር ሲፈተሽ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በግል ጋራዥ ተገጣጥሞ በሚበር ትንሽ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ የላይካሚንግ ሞተር በሚገጠምላቸው የቫንስ አርቪ ዓይነቶች ላይ፣ ቁልፉ ተጠምዝዞ ፕሮፔለሩ ሳይዞር ሲቀር ወዲያው የሚጠረጠረው ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ነው። ነገር ግን ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለውን መስመር የዘረጋው፣ የገመዱን ውፍረት የመረጠውና ማሳውን (ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ያሰረው ፋብሪካ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ በመሆኑ፣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያው መስመር ላይ ነው። ሞተሪኖውን ፈትቶ በአዲስ መተካት ውድ ነው፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቀጥላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን አውሮፕላኑን እንደ መኪና ቆጥሮ ወደ ፕሮፔለሩ መቅረብ ነው። ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪው ቢነቀል እንኳ ብልጭታ ይሰጣል። የሚያቆመው ከማብሪያው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሽቦ ተበጥሶ ከነበረ ፕሮፔለሩን በእጅ ትንሽ ማንቀሳቀስ ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል። በቁልፍ በሚሠሩ ማብሪያዎች ደግሞ ቁልፉ ማስነሻው ላይ ሲደርስ የግራው ማግኔቶ ብልጭታ እንዲሰጥ ሆን ተብሎ ከማሳ ይለቀቃል። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ነዳጁ ሊዘጋ፣ ጎማዎቹ ታኮ ሊደረግላቸው፣ ጅራቱ ሊታሰር፣ የካንዴላ ገመዶችም በሙሉ ተነቅለው ጫፋቸው ከሞተሩ አካል ጋር ሊያያዝ ይገባል። ካንዴላዎቹን ራሳቸውን መፍታት ሞተሩን እንደ ልብ ያዞረዋል፤ ሆኖም የሲሊንደሮቹ ጫና ስለሚጠፋ ሞተሪኖው የሚስበው ከረንት ይቀንስና ቀጥሎ የምንወስደው ልኬት ያታልላል።

ሌላው ስህተት ባትሪውን ሥራ በሌለበት ሰዓት ለክቶ ጤነኛ ነው ብሎ መፍረድ ነው። የተሞላ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕረፍት ላይ ሆኖ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ያረጀውም ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ግን ከ9 ወይም ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የሚጎትተው ነገር ከልክ ያለፈ ነው። ለክብደት ሲባል ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ የገጠመ ሰው ደግሞ የቆየውን መለኪያ መርሳት አለበት፤ በዚህ ዓይነት ባትሪ የሞላው 13.3 ቮልት አካባቢ የሚያሳይ ሲሆን፣ 12.6 ካነበበ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ዋናው ቦታ ግን መስመሩ ነው። ኦም መለኪያ በገመዱ ላይ አድርጎ «ዜሮ ነው» ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም 200 አምፒር በሚያልፍበት መስመር ላይ ተራ ቴስተር ሊለየው የማይችል 0.005 ኦም ብቻ ሙሉ 1 ቮልት ይበላል። ትክክለኛው መንገድ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በራሱ በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ እንጂ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን አኑሮ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ቡሎን ላይ አድርጎ፣ ረዳት ቁልፉን ሲያዞር የጠፋውን ቮልት ማንበብ ነው። ንባቡ ከግማሽ ቮልት ብዙ ከበለጠ፣ ጫፉን ከአንዱ መገናኛ ወደ ሌላው እያሸጋገሩ የሚዘለውን ቦታ መፈለግ ይገባል። ከዚያም ያው ልኬት በማሳው በኩል፣ ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ፣ መደገም አለበት፤ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የሚዘለው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሞተሩ የተሰቀለው በጎማ ላይ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የማሳ ገመድ ከላላ፣ ከረንቱ በማኔታው (የሞተሩን ኃይል በሚቆጣጠረው እጀታ) እና በነዳጅ መቆጣጠሪያው የብረት ገመዶች በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሲያስነሱ እነዚህ ገመዶች ከሞቁ ወይም ከጨሱ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ባትሪው ከሞተሩ ርቆ በሚቀመጥበት አውሮፕላን የገመዱ ውፍረት ራሱ ችግር ይሆናል። በ200 አምፒር፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው 21 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 0.8 ቮልት ገደማ ሲያጠፋ፣ 33 ካሬ ሚሊ ሜትሩ 0.5 ቮልት ያህል ብቻ ያጠፋል። እንደ ሎንግ ኢዚ ባሉ የፋይበር ግላስ አውሮፕላኖች አካሉ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የመልሱ መስመርም በገመድ መዘርጋት ስላለበት ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

ኮንታክተሮቹን፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ታዘው ትልቁን ከረንት የሚያገናኙትን ማብሪያዎች፣ ማምታታትም የተለመደ ነው። የዋናው ማብሪያና የሞተሪኖው ኮንታክተር መልካቸው መንታ ቢመስልም፣ የመጀመሪያው በረራው እስኪያልቅ ተዘግቶ እንዲቆይ፣ ሁለተኛው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እንዲሠራ የተሰሩ ናቸው፤ ቢቀያየሩ የሞተሪኖው በዋናው ቦታ ገብቶ ይቃጠላል። ድምፁም ይናገራል፦ ተከታታይ መንጫጫት በአብዛኛው የደከመ ባትሪን ወይም የላላ መገናኛን ሲያመለክት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ማለት የተቃጠለ ኮንታክት ወይም የሞተሪኖውን የራሱን ጉድለት ያስጠረጥራል። የኮንታክተሩን ዳዮድ (ኮንታክተሩ ሲለቅ የሚፈጠረውን የቮልት ዝላይ የሚያፍነውን ትንሽ ዕቃ) ትርፍ ነው ብሎ መተው ደግሞ ቀስ በቀስ የማስነሻ ማብሪያውን ይበላዋል።

ሞተሪኖ ደጋግሞ የሚሰበርበት ሰው ጥራቱን ከመውቀሱ በፊት የማግኔቶውን ሽቦ ይመልከት። በላይካሚንግ ሞተር ብልጭታው በበረራ ጊዜ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 20 ወይም 25 ዲግሪ ቀድሞ የሚሰጥ ሲሆን፣ በማስነሳት ጊዜ የሚያዘገየው በማግኔቶው ላይ ያለው ባለ ስፕሪንግ መጋጠሚያ ነው። ይህ መጋጠሚያ በግራው ብቻ ካለ፣ የቀኙ ሲነሳ ማሳ ላይ መሆን አለበት፤ በማብሪያው ጀርባ ያለችው አጭር ማገናኛ ከተረሳች ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና የሞተሪኖውን አፍንጫ ይሰብራል።

የጥርሱን ቁጥር ሳያረጋግጡ ሞተሪኖ መግዛትም አይገባም፤ የላይካሚንግ ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ጎማ) 122 ወይም 149 ጥርስ አለው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፒኞን (የሞተሪኖውን ትንሽ ማርሽ) አይቀበሉም። ፒኞኑን በግሪስ መቀባት አቧራ ሰብስቦ ያጣብቀዋል።

ሮታክስ 912 የተባለው ሞተር ያላቸው ደግሞ የሞተሪኖን ድካም በካንዴላና በካርቡራቶር ላይ ያላክካሉ። የዚህ ሞተር ማቀጣጠያ ክራንኩ በደቂቃ 220 ዙር ገደማ ካልደረሰ ብልጭታ ስለማይሰጥ፣ 2.43 የማርሽ ምጣኔ ባለው ላይ ፕሮፔለሩ በደቂቃ ከ90 ዙር በታች እየጎተተ ከዞረ ሞተሩ ፈጽሞ አይነሳም። ያኔ መፍትሔው ቁልፉን ይዞ መቆየት አይደለም፤ አምራቹ በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው 10 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው 2 ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች የባትሪውን ቮልት ማንበብ ይቻላል።