ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሰዓት ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የእህል መጋዘን የሽያጭ ፕሮግራም አስተዳድራለሁ። አንድ አሮጌ ሰርቨር፣ ኬቪኤም (ሊኑክስ አንዱን ማሽን ለብዙ የሚያካፍልበት ክፍል) ላይ የሚሠሩ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች። አንድ ሰሞን ሪፖርቱ ተንቀራፈፈ። ባለቤቱ "ልጄ፣ ይሄ ወረቀት እስኪወጣ ጤፉ ተሸጦ ያልቃል" አሉኝ። ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ ራሙን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን የራሴ የሰዓት ቅንብር ነበር።

"ሃርድዌር ነው" ብሎ ኤችፒኢቲን መምረጥ

እውነተኛ ማሽን ላይ ኤችፒኢቲ እናትቦርዱ ላይ ያለ ታይመር ነው። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ የሚያስመስለው ኪውኢሙ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራሙ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ባለ ቁጥር ሲፒዩው የእንግዳውን (የቨርቹዋል ማሽኑን) ሥራ አቁሞ ወደ ሆስቱ (ወደ ዋናው ሰርቨር) ይወጣል፣ ጠይቆ ይመለሳል። ምልልሱ ማይክሮሰከንዶች ይበላል። ቲኤስሲ ግን ሲፒዩው ውስጥ ያለ ቆጣሪ ስለሆነ ሳይወጡ ይነበባል፤ የሚፈጀው በናኖሰከንድ የሚቆጠር ነው። ኬቪኤም ለማሽኖቹ የሚሰጠው ሰዓት፣ ኬቪኤም ክሎክም፣ የሚሠራው እሱኑ ተደግፎ ነው። አንዴ ለመጠየቅ ልዩነቱ ምንም አይደለም። የእኔ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱ የሎግ መስመር ላይ ሰዓት ይጽፍ ነበር! ሊኑክስ በየትኛው እየሠራ እንደሆነ ለማየት "ከረንት ክሎክሶርስ" የሚለውን ፋይል ክፈቱ።

ቲኤስሲን ሳያጣሩ በግድ ማስያዝ

አሮጌ ሲፒዩ ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቆጣሪውም አብሮ ይዘገያል። ሆስቱ ላይ "ኮንስታንት" (ፍጥነቱ የማይለዋወጥ) እና "ነንስቶፕ" (የማይቆም) የሚሉት ምልክቶች መኖራቸውን እዩ። ሊኑክስ ራሱ "አንስቴብል" (የማያስተማምን) ብሎ ከጣለው አትከራከሩት።

ቲክ ማብዛት

በሰከንድ 1000 ቲክ (ሲፒዩውን ከሥራው የሚያቋርጥ የሰዓት ምት) ጥሩ ይመስላል። አራት ማሽን፣ ሁለት ሁለት ሲፒዩ፤ ሁሉም ሥራ ሲበዛባቸው በሰከንድ 8000 ማቋረጥ ነው። ለደረሰኝ ማተሚያ ምን ያደርጋል?

መብራት ሲሄድ የሚሆነውን መርሳት

ዩፒኤሱ ሲደክም ማሽኖቹ ያሉበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይቆማሉ። ሲነሱ ሰዓታቸው ያኔ የቆመበት ላይ ነው። በስድስት ሰዓት ቢሳሳት እንኳ የሀበሻ ሰዓት ነው ብለን በሳቅ ባለፍነው፤ የእኛው ግን በሁለት ሰዓት ከሩብ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጤፉ መጋዘን ሳይገባ የተሸጠበት ደረሰኝ ታተመ። ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ ክሮኒ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ሰዓቱን በአንዴ እንዲያዘልል ሳይሆን ቀስ በቀስ እንዲያቃና ነው። "ሜክስቴፕ" የሚለውን መስመር ሁልጊዜ እንዲዘል አድርጌ ለወጥኩት። ባለቤቱ ግን እስከ ዛሬ ደረሰኝ በታተመ ቁጥር ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ።