ኬሞ የሚወስድ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ ቤተሰብ ካላችሁ ይቺን ልንገራችሁ። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረው ሁልጊዜ በጭንቀት ብቻ አይደለም። ለማቅለሽለሽ ተብሎ አብሮ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። ማታ የሚዋጥ ከሆነ ሐኪሙን «ጠዋት ከቁርስ ጋር ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። በቀን 2 ጊዜ ከታዘዘም ሁለተኛው ቀደም ብሎ፣ ከምሳ ጋር ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ግን ሰዓቱን እንዳትቀይሩ፣ እንዳታቋርጡም።

ቀን ሸለብ ቢያደርገው ከ30 ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል። ቡናም እስከ ቀትር ይብቃ፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር እስከ በረካ መጠጣት ይሉኝታ እንጂ ሌላ አይደለም! ከ2 ሳምንት በላይ ምንም ነገር ካላስደሰተው ደግሞ ያንንም ለሐኪሙ ንገሩ፤ «በሽታው ነው» ተብሎ አይታለፍ።