ስካይሪም ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ኮዬ ፈጬ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሚመጣልኝ ማሽን በአብዛኛው ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴስክቶፕ ወይም ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነው። ስከፍተው ስካይሪም የሚባለው ጌም የሌለበት ጥቂት ነው። ጌሙ የወጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ነው። ከሱ ወዲህ ስንቱ ወጥቶ ተረስቷል፤ እሱ ግን ከማሽን ወደ ማሽን እየተገለበጠ እስካሁን አለ። ችግሮቹም አብረውት ይዞራሉ።

ድራይቨር ማደስ፣ የዲስክ ቦታ ማየት፣ አጥፍቶ ማብራት ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። የትኛውን ስካይሪም እንደጫናችሁ ግን ለዩ። የ2011ዱ 32 ቢት ነው፤ ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይፈልጋል። በ2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን 64 ቢት ሲሆን ቢያንስ 8 ጊጋ ይላል። 4 ጊጋ ባለው ማሽን አዲሱን ጭናችሁ «ይንቀራፈፋል» አትበሉኝ። አሮጌውን ጫኑ፣ ተገላገሉ።

አርማው ይታያል፣ ከዚያ ድርግም ብሎ ይዘጋል

ብዙ ጊዜ ሞድ ነው፤ ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ማለቴ ነው። አንዱ ሞድ ሌላ ፋይል ላይ ተደግፎ ይሠራል። የሚደገፍበት ከሌለ ጌሙ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። ሁሉንም አጥፉና አንድ በአንድ መልሱ። አንዳንድ ሞዶች የሚፈልጉት ስክሪፕት ኤክስቴንደር የሚባል ረዳት ፕሮግራም ካላችሁ ስሪቱ ከጌሙ ስሪት ጋር መግጠም አለበት።

ግድግዳው ሐምራዊ ሆነ፣ ቀይ ቃለ አጋኖ አየር ላይ ቆሟል

ሐምራዊው የጠፋ ቀለም ነው፤ ቃለ አጋኖው የጠፋ ቅርጽ ነው። ሁለቱም ፋይል ጎድሏል ማለት ነው። የጫናችሁት ሞድ ጎዶሎ ይሆናል፣ ወይም ከጓደኛ ስትገለብጡ ሳይጨርስ ፍላሹን ነቅላችኋል። እንደገና ገልብጡ። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ሌላው ሁሉ እያለፈ አንዱ ትልቅ ፋይል ብቻ እምቢ ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጋሪው ይዘላል፣ ይገለበጣል

እጃችሁ ታስሮ ወደ ሄልገን የምትወሰዱበት ጋሪ ነው። የጌሙ ፊዚክስ (የዕቃዎች አወዳደቅና እንቅስቃሴ) ከፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከሚሳለው ምስል ብዛት ጋር የተሳሰረ ነው። በሰከንድ ከ60 ፍሬም ሲያልፍ ጋሪው ያብዳል፤ ቤት ስትገቡም ጠረጴዛ ላይ ያለው ሳህንና ኩባያ ይበተናል። ምስሉን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ቪሲንክ አብሩ፣ ፍሬሙን 60 ላይ ገድቡ። በቢሮ ማሽን ይሄ አይደርስባችሁም። የሚደርሰው 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደስ) ስክሪን ገዝቶ «አዲስ ነገር ገዝቼ እንዴት ይበላሻል» እያለ በሚመጣው ላይ ነው።

መብራት ሄዶ መጣ፤ ሴቩ አይከፈትም

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ ለዚህ ነው የሚመጡት። በእኛ ሰፈር በተለይ ክረምት ላይ መብራቱ ብልጭ ብሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሴቩ፣ የደረሳችሁበትን የሚይዘው ፋይል፣ ዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ ሲነካ ግን ጌሙ ይዘጋል። አንዳንዴ ተበላሽቷል ይላል። አንዳንዴ ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ወፍ የለም።

ሌላ ጌም ቢሆን «ከመጀመሪያው ጀምር» ብዬ እሸኝ ነበር። ይሄኛው አያልቅም። ዋናውን ጠላት፣ ዘንዶውን አልዱዊንን ገድላችሁም ዓለሙ ይቀጥላል፣ ተልዕኮ ይፈጠራል። ስለዚህ ሰው አንዱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ዓመታት ይቆያል። ትምህርት ሲጀመር ያቆማል፣ ክረምት ሲመጣ ይመለሳል። አንድ ልጅ ሲስተም ዩኒቱን በጋቢ ጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ ታቅፎ መጣ። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። «ማሽኑ ቢቀርም ይቅር፣ ሴቩን አውጣልኝ» አለኝ። ጌሙ ውስጥ ባለችው ዋይትረን ከተማ ያለው ቤቱ ውስጥ የሰበሰበው መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ፎርማት የሚል ቃል አላነሳም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጌሙ ከቦታ ቦታ ስትጓዙ፣ ስትተኙ፣ በር አልፋችሁ ስትገቡ በራሱ ሴቭ ያደርጋል። በዚያ ላይ እናንተ የፈጣን ሴቭ ቁልፏን ኤፍ 5ን ትደበድባላችሁ። ኤፍ 5 ደግሞ ያንኑ አንዱን ፋይል ነው ደግሞ ደጋግሞ የሚጽፈው። በሚጽፍበት ሰከንድ መብራት ከሄደ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ጽፎ ጨርሶም ቢሆን ዊንዶውስ ዳታውን ለጊዜው ራም ላይ ይዞ ቆይቶ ነው ወደ ዲስኩ የሚያወርደው። «ሴቭ ካደረግኩ በኋላ ነው የሄደው!» ብሎ የሚምልልኝ ሰው ውሸታም አይደለም።

መፍትሄው በመጀመሪያ እጅን መሰብሰብ ነው። ጌሙን ከፍታችሁ «እስኪ ልሞክር» እያላችሁ አትጫወቱ። በራሱ የሚያደርገው ሴቭ ሦስት ፋይል ላይ ነው የሚዞረው። ሌላ ሴቭ ከፍታችሁ ሦስት በር ካለፋችሁ የተረፈውን ጤነኛ በራሳችሁ እጅ ደመሰሳችሁት። ሰው እየሰማኝ ይሄን ያደርጋል!

ዶክመንትስ ውስጥ ግቡ፣ ማይ ጌምስ፣ ከዚያ የስካይሪም ፎልደር፣ ከዚያ ሴቭስ። ሙሉውን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የምትነካኩት ግልባጩን ነው። በቀን ደርድሩና የፋይሎቹን መጠን አስተያዩ። ጎረቤቶቹ ብዙ ሜጋ ባይት ሆነው አንዱ ብቻ ኩርምት ካለ ወይም ዜሮ ካለ እሱ ሞቷል። መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነም አለ። በኖትፓድ ክፈቱት። ጤነኛ ሴቭ ቲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቪ በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሴቭጌም የሚል ቃል አለ። እነሱ ከሌሉና ባዶ ከሆነ አትድከሙ። ምንም ሳትጽፉ ዝጉት፤ ኖትፓድ ላይ ሴቭ ካላችሁ ጤነኛውንም ታበላሻላችሁ።

ከዚያ ከሞተው በፊት ያለውን ውሰዱ። ስሙ መጨረሻ ላይ ባክ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ካገኛችሁ ቅጥያዋን አንሱና ሞክሩት። በስክሪፕት ኤክስቴንደር የምትጫወቱ፣ በተመሳሳይ ስም ሁለተኛ ትንሽ ፋይል አለ፤ ሁለቱ አብረው ይሂዱ። በመጨረሻ ዲስኩን በዊንዶውስ መፈተሻ አስፈትሹ። ግማሹ የተቆረጠ ሴቭን አስነሳለሁ የሚል ሶፍትዌር ላይ ብር አታውጡ። ያልተጻፈ ነገር ከየት ይመጣል?

ለወደፊቱ ኤፍ 5ን ለውጊያ ብቻ ተዉት። ጨዋታ ስታቆሙ ከሜኑው አዲስ ሴቭ ፍጠሩ፣ በአሮጌው ላይ አትጻፉ። አልፎ አልፎ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ጣሉ።

አሁን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ። ዩዝድ ዩፒኤስ ርካሽ የሆነው ባትሪው ስለሞተ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አምፖል ሰክታችሁ ከግድግዳ ንቀሉት። አምፖሉ ከጠፋ የምትገዙት ከባድ ማከፋፈያ ነው። አንዱ ደንበኛዬ አዲስ ዩፒኤስ ገዝቶ ሴቩ መጥፋቱን አላቆመም። ቤቱ ድረስ ሄጄ አየሁ። ብዙ ዩፒኤስ ሁለት ዓይነት ሶኬት አለው፤ አንዱ ረድፍ ከባትሪ ይሰጣል፣ ሌላው ድንገት ከሚመጣ ከፍተኛ ኃይል ብቻ ይከላከላል። ሰውዬው ስክሪኑን ባትሪው ላይ፣ ሲስተም ዩኒቱን ሌላኛው ላይ ሰክቶታል። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ በኩራት ይበራል፣ ማሽኑ ጠፍቷል። ፎርጅድ ፓወር ሰፕላይ ያላችሁ ደግሞ ዩፒኤስም አያድናችሁም፤ እሱን ቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያናድደኛል። «ጌሙ ዲ ላይ ነው፣ ሲን ፎርማት አድርገው» ይላሉ። ጌሙ ዲ ላይ ነው። ሴቩ ግን ዶክመንትስ ውስጥ ነው፣ ዶክመንትስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ላይ ነው። ሳይጠይቅ ፎርማት የሚያደርግ ጠጋኝ ማሽናችሁን አይንካ።

መብራት ሳይሄድ ሴቭ ከተበላሸ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ሞድ ነቅላችሁ ነው። የሞዱ ስክሪፕት ሴቩ ውስጥ ይቀራል፤ ባለቤቱን ሲያጣ ይረብሻል። ሞዱን መልሱት፣ ወይም ሞዱ ከመግባቱ በፊት ወደነበረው ሴቭ ተመለሱ።

ትንንሾቹ

ዊንድሄልም በምትባለው የጌሙ ከተማ ያለው የነፍሰ ገዳዩ ተልዕኮ ከቆመ ችግሩ የጌሙ የራሱ ነው፤ ተጫዋቾች የሠሩትን ይፋ ያልሆነ ማረሚያ ጫኑ። ኮንሶል (ለጌሙ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሲ፣ ኤ፣ ኪው፣ ኤስ የምትባለውን ትእዛዝ አትጻፉ፤ ተልዕኮውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትጨርሳለች፣ ሴቩን ይዛ ትሄዳለች። አብራችሁ የምትጓዘው ሊዲያ በር ላይ ቆማ አላሳልፍ ካለች አነጋግሯት፣ ሌላ ቦታ ሂጂ በሏት። ለዚህ ማሽን ተሸክማችሁ አትምጡ።