መብራት ሳይሄድ ስልክና ታብሌት ቶሎ የሚሞላው እንዴት ነው?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ መብራት ቆይቶ ሲመጣ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሶኬት ይሻማል። መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ወሳኙ ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ፐርሰንት ይገባል የሚለው ነው። አንድ ዓይነት ስልክ በአንዱ ቤት 20 ፐርሰንት፣ በጎረቤት 60 ፐርሰንት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቻርጀርና በገመድ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። “አውትፑት” ከሚለው ቀጥሎ ቮልትና አምፔር አለ፤ ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሰጣሉ። 5 ቮልት በ1 አምፔር 5 ዋት፣ 9 ቮልት በ2 አምፔር 18 ዋት ነው። 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ ባለ 5 ዋት ቻርጀር የሚባክነው ተጨምሮበት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ባትሪው ከ7,000 በላይ የሆነ ታብሌትማ ቪዲዮ እየታየበት ከሆነ በዚህ ቻርጀር ከመሙላት ይልቅ ሊወርድ ይችላል። ትልቅ ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል የሚባለውን እርሱት፤ ቻርጀሩ ፎርጅድ ካልሆነ ስልኩ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። አንዳንድ ስልኮች ግን ከራሳቸው ቻርጀርና ገመድ ጋር ካልሆነ ሙሉ ፍጥነታቸውን አይሰጡም። ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ገብታችሁ ፈጣን ቻርጅ የሚለው መከፈቱን እዩ።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ስልኩ አሁንም የሚያዘግም ከሆነ ጥፋቱን ገመዱ ላይ ፈልጉ። ሰው ቻርጀር ይቀይራል፣ ባትሪ ያስቀይራል፣ ገመዱን ግን ልብ አይለውም። ውስጡ ቀጭን የሆነ የአንድ ሜትር ገመድ ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ያህል ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግድ እንቅፋት፣ አለው። 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀርና ከ5 ቮልቱ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.2 ብቻ ይሆናል። ስልኩ ቮልቴጁ መውረዱን ሲያይ የሚስበውን ራሱ ይቀንሳል። የሦስት ሜትር ገመድ ሲሆን ደግሞ ኪሳራው ሦስት እጥፍ ነው፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ለመጠቀም ይመቻል እንጂ ለመሙላት አይሆንም።

የላስቲኩ ውፍረት አያታልላችሁ፤ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ሞልቷል። ላስቲኩ ላይ 28፣ 24 ወይም 22 የሚል ቁጥር ከታተመ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። ሁለት ቁጥር ካለ ለኃይል የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው። ሌላው ችግር አንዳንድ ርካሽ ገመድ የመረጃ ሽቦ ጭራሽ የሌለው መሆኑ ነው። ብዙ ፈጣን ቻርጀሮች ከስልኩ ጋር ተነጋግረው 9 ቮልት የሚሰጡት በእነዚህ ሽቦዎች ስለሆነ፣ በሌሉበት 5 ቮልት ላይ ይቀራሉ። ለማወቅ ስልኩን በገመዱ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ስልኩ ላይ ፋይል ማስተላለፍን መርጣችሁም ካልቻለ፣ ቻርጅ ብቻ ካለ፣ ገመዱ የመረጃ ሽቦ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ገመድ ከገመድ ለማወዳደር አንድሮይድ ላይ “አምፔር” የሚባለውን አፕ ጫኑ። ስልኩ ከ50 ፐርሰንት በታች ሳለ በአንዱ ቻርጀር ላይ ገመዶቹን እያቀያየራችሁ የሚያሳየውን ሚሊአምፔር ጻፉ። ቁጥሩ ትክክለኛ ልኬት ነው ብላችሁ አትመኑት፤ የቱ ከየቱ እንደሚሻል ለማየት ግን ይበቃል። አንዱ ገመድ 700፣ ሌላው 1,600 ካሳየ የመጀመሪያውን ጣሉት።

ገመዱ ሲሰካ የሚላላ ወይም እስከ መጨረሻው የማይገባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ቀዳዳ ውስጥ አቧራና የጋቢ ክር ተጠቅጥቆበታል። ስልኩን አጥፉና በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ከዳር ከዳሩ አውጡት። ታይፕ ሲ መሃሉ ላይ ቀጭን ምላስ ስላለው እሱን እንዳትነኩት። መርፌ አይሆንም፣ በአፍ መንፋትም እርጥበት ያስገባል።

መብራቱ እንደመጣ ወዲያው አትሰኩ። ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። ምጣድ ከተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ቻርጀር አትደርቡ።

ሲሞላ ስክሪኑ ይጥፋ፣ ሆትስፖት ይዘጋ። ኤርፕሌን ሞድ ከተማ ውስጥ ያን ያህል አይጨምርም፤ ኔትወርክ በሚደክምበት ገጠር ግን ስልኩ ሲግናል ፍለጋ የሚያባክነውን ስለሚያስቀር ይጠቅማል። ከቨሩን አውልቁ፣ ትራስ ሥር አታድርጉት። ባትሪው ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ስልኩ ራሱ ቻርጁን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ስታቋርጡ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተሰካ ስልክ የማይሞላው ለዚህ ነው። ለማቀዝቀዝ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ውሃ ያስቋጥርበታል።

ቻርጀሩ አንድ፣ ስልኩ ብዙ ከሆነ 80 ፐርሰንት የደረሰውን ነቅላችሁ ተረኛውን ሰኩ። የሊቲየም ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ኃይል ስለሚቀንስ የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት ብዙ ጊዜ ትበላለች። ፓወር ባንክ በመጨረሻ ይሰካ፤ 10,000 የሚለው ራሱ በ10 ዋት ለመሙላት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

መብራት በሌለበት ቀበሌ ሶላሩን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ስልኩን ጥላ ውስጥ አድርጉት። ደመና ሲያልፍ ቻርጁ ይቋረጥና አንዳንድ ስልክ ፀሐይ ስትመለስም አይቀጥልም፤ ነቅሎ መሰካት ይፈልጋል። ስለዚህ በተለይ በክረምት ቀን ቀን ፓወር ባንኩን በሶላር ሞልቶ ማታ ስልኩን ከእሱ መሙላት ይሻላል፤ በመሃል የተወሰነ ኃይል ቢባክንም።