የመድረክ ኮሜዲን ወደ ፊልም ስትወስዱ ሳቁን መንገድ ላይ እንዳትጥሉት

የቆየ የመድረክ ኮሜዲ ለሲኒማ ሊጽፍ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው «ከሳሎን እንዴት ላውጣው?» ብሎ ነው። ገበያ ይጨምራል፣ የመኪና ጉዞ ይጨምራል፣ ሐይቅ ዳር ይወርዳል። ሳቁ ግን የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ከቦታው በፊት ስለ ፍጥነቱ አስቡ።

የቲያትር ቀልድ የተጻፈው ለሚስቅ አዳራሽ ነዋ! ተዋናዩ ይናገራል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ ሳቁ በረድ ሲል ቀጣዩን ይለቃል። ያቺን ዝምታ እንዳለች ፊልም ውስጥ ካስገባችኋት ተዋናዩ ቃሉ የጠፋበት ይመስላል፤ ጭራሽ ካወጣችኋት ደግሞ ሲኒማ ቤት ያለው ሰው ገና እየሳቀ ቀጣዩ ቀልድ ያመልጠዋል።

የሆሊውዱ ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስ ለዚህ ዘዴ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1928 ብሮድዌይ ላይ የታየውን «ዘ ፍሮንት ፔጅ» የተባለ የጋዜጠኞች ኮሜዲ ወስዶ በ1940 «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ»ን ሠራ። ሰዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየደረበ ነው የሚያወሩት። ሆኖም ምንም አያመልጣችሁም፣ ምክንያቱም የንግግሩ ጫፍና ጫፍ ባይሰማም ግድ የሌለው ነው፤ ቁም ነገሩ መሃል ላይ ተቀምጧል። በእኛ አፍ እንዲህ በሉት፦ «ኧረ ስማኝማ፣ ልጅቷ አግብታለች፣ እየነገርኩህ እኮ ነው!» ሌላው ሰው «እየነገርኩህ» ላይ ቢገባበት ምን ይጎድላል? ስክሪፕታችሁን በዚህ መንገድ ከልሱት፣ ከዚያ ተዋናዮቹን ሰብስባችሁ ጮክ ብለው ሲያነቡ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ።

ሆክስ ሌላም ነገር ነክቷል። መድረክ ላይ ወንድ የነበረውን ጋዜጠኛ ሂልዲን ሴት፣ ያውም የአለቃው የቀድሞ ሚስት አደረጋት። ይቺ አንዲት ለውጥ ከአሥር የውጭ ቀረጻ ትበልጣለች። ታሪኩ እንደሆነ በጋዜጣ ቢሮና በምግብ ቤት ጀምሮ ተመልሶ ፍርድ ቤቱ ያለው የጋዜጠኞች ክፍል ውስጥ ይገባል።

ተውኔትነቱን መደበቅም ግዴታ አይደለም። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር አንቶኒ አስኲዝ የኦስካር ዋይልድን ኮሜዲ «ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ቢይንግ ኧርነስት» እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሠራ ፊልሙን የከፈተው ቲያትር ቤት ውስጥ፣ ሰዎች ቦታቸውን ይዘው መጋረጃው ሲገለጥ ነው።

ካሜራውን ደግሞ ሁልጊዜ ተናጋሪው ላይ አትትከሉት። ብዙ ጊዜ የሚያስቀው የሰሚው ፊት ነው። ተዋናዩ ወደ ተመልካች ዞር ብሎ የሚያንሾካሹካትንም አውጧት፣ አንዲት የዓይን እይታ ትበቃለች፤ ወይ ደግሞ ፊልሙን ሙሉ ካሜራውን ያናግር፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ስህተት ይመስላል። ድምፅም ይቀነስ፣ ፊልም ላይ ተዋናዩ ጮኾ የሚያሰማው የኋላ ወንበር የለም።

ፈቃድ አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1900 ያረፈው ዋይልድ ነፃ ነው፤ የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ከተመኛችሁ ግን ደራሲው ያረፈው በ1980 ዓ.ም. ነውና መጀመሪያ መብቱን የያዙትን አስፈርሙ፣ ከዚያ ነው መጻፍ።